አክተሩ ይሞታል?

መርካቶ ውስጥ የፊልም ወግ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። አንዱ ማታ ያየውን ሊያወራ ገና አፉን ሲከፍት ሌላው «ቆይ፣ አክተሩ ይሞታል?» ብሎ ያቋርጠዋል። «አክተር» እዚህ ሰፈር ተዋናይ ሁሉ አይደለም። ጥይት የሚስተው፣ ልጅቷን የሚያገባው፣ ሲደበደብ ውሎ ማታ ላይ የሚያሸንፈው ያ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ወይ «ሌባ» ናቸው ወይ «የአክተሩ ጓደኛ»። የአክተሩ ጓደኛ መሞቱ የታወቀ ስለሆነ ስለ እሱ የሚጠይቅ የለም።

ሌላ ቦታ የፊልምን ፍጻሜ አስቀድሞ መናገር ነውር ነው፤ ሰው የሚጣላበት ጊዜም አለ። መርካቶ ላይ ነውሩ መደበቁ ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከላይ ያለው ለዓይን የተደረገ መሆኑን ስለሚያውቅ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰዶ ከሥር ዘግኖ ያያል። በርበሬ የሚገዛ ዛላውን ሰብሮ ያሸታል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። ጨርቅ የሚገዛ ክር መዝዞ በክብሪት ይለኩሳል፤ ጥጥ ነው ናይሎን የሚለው በጠረኑ ይለያል። ፊልም ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚያስከፍል ዕቃ ነው፤ ከሥሩ ሳይዘገን አይገዛም። «ራስህ እየው» ብሎ የሚመልስ ሰው ንፉግ ተብሎ ይታማል፤ ወይም አላየውም ይባላል።

አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር ስትተዋወቅ መጀመሪያ የሰጠችው አስተያየትም አጭር ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚታይበት ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። የከተማዋ የመጀመሪያ የፊልም ሂስ ይህ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ በሁለት ቃል አልቋል፣ ማብራሪያም አላስፈለገውም። ስሙን ካወጡት ውስጥ ምን ያህሉ ገብተው እንዳዩ አይታወቅም። ሳያዩ መተቸት የዛሬ ሰው ያመጣው አመል አለመሆኑ ግን ከዚህ ይታያል።

መርካቶ ራሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ላገሬው ሕዝብ ተብሎ ተከለለ። ሲኒማ ራስ የቆመውም በዚሁ ሰፈር ነው። ቤቱ ኋላ ራስ ቴአትር ተብሎ የመድረክ ሥራ ቢገባበትም ወያላው ተሳፋሪ የሚጠራው «ሲኒማ ራስ! ሲኒማ ራስ!» እያለ ነው። መርካቶ አንዴ የለመደውን ስም አይለውጥም፤ ቦምብ ተራም ቦምብ አይሸጥም።

የፊልም ወግ የደራው ግን በሲኒማ ቤት ሳይሆን በቪዲዮ ቤት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቪዲዮ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከፊት፣ ከፍ ብሎ፣ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን አለ። ደጅ ላይ በጠመኔ «ኮማንዶ፣ አርኖልድ፣ ከባድ አክሽን» ተብሎ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው እየጮኸ የፊልሙን ድምፅ ይውጠዋል። «አልሰማሁም፣ ገንዘቤ ይመለስ» የሚል ግን አልነበረም፤ ድሮስ እንግሊዝኛውን ማን ይሰማ ነበር?

በዚህ ምክንያት ከፊት ወንበር አንድ ቋንቋ አውቃለሁ ባይ አይጠፋም። አክተሩ እንባ እየተናነቀው ረዘም ያለ ነገር ይናገራል። ከኋላ «ምን አለ?» የሚል ይመጣል። «እገድልሃለሁ አለው» ይላል አስተርጓሚው። ሌባው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። «ምን አለ?» «አትችልም አለው።» ተመልካቹም የቀረውን ከፊታቸው አንብቦ ይሞላዋል። ብዙ ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ፊልም ከዚያ ቤት ይዞት የወጣውን ነው፤ ደራሲው ከጻፈው ጋር የሚገናኘው በስም ነው።

ተዋንያኑም በሥራቸው እንጂ በስማቸው አይጠሩም። ሲልቬስተር ስታሎን ራምቦ ነው። «ሮኪ» የተባለው የቦክስ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የራምቦ የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ በ1982 የወጣ ነው። ይህ ግን አይረዳም፤ ወጉ ውስጥ ሮኪ «ራምቦ ቦክሰኛ የሆነበት» ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ ቀይሮ ወደ ስፖርት የገባ ይመስላል።

ከቪዲዮ ቤት የወጣ ልጅ ከፍሎ ላላየው ልጅ ያወራል። የማውራት ሙያ የራሱ ደንብ አለው። ተራኪው ቁጭ ብሎ አያወራም፤ መጥረጊያው መትረየስ ይሆናል፣ የተጠቀለለው ጣቃ ጨርቅ ሬሳ ይሆናል። «ድሽ! ድሽ! ጠጠጠጠ!» ካልተባለ ታሪኩ አልተነገረም። ጎበዝ ተራኪ ቆሎ ይዘገንለታል፤ ደካማው መሀል ላይ «ይቅር፣ ሌላ ሰው ያውራ» ይባላል።

ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድም ያድጋል። ራምቦ በመጀመሪያው ፊልም ወደ ሄሊኮፕተር ድንጋይ ይወረውራል፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ውስጥ የነበረው ተኳሽ ሚዛን ስቶ ይወድቃል። ይህ ፊልሙ ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው ልጅ ሲያወራው ሄሊኮፕተሩ ራሱ ወድቋል። ወሬው አውቶቡስ ተራ ሲደርስ ሄሊኮፕተሮቹ ሁለት፣ ድንጋዩ ያው አንድ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለውን ተረት ሰፈሩ የወሰደው እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ነው።

አክተሩ አይሞትም የሚለው ሕግም የመርካቶ ብቻ አይደለም። ራምቦ በተወለደበት መጽሐፍ፣ ዴቪድ ሞሬል እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ መጨረሻው ላይ ይሞታል። ለፊልሙም የሚሞትበት ፍጻሜ ተቀርጾ ነበር። ለሙከራ ሲታይ አሜሪካውያኑ ተመልካቾች አልወደዱትም፤ ስለዚህ ተረፈ፣ ተከታታይ ፊልሞችም ተሠሩለት። አሜሪካም ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ሰው አላት ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያከራከረው ግን «ሾሌ» ነው። በራሜሽ ሲፒ የተሠራው ይህ የህንድ ፊልም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 ወጣ፤ ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ያልፋል። ታኩር የተባለ የቀድሞ ፖሊስ ሁለት እጁን የቆረጠውን ሽፍታ ጋባርን እንዲይዙለት ሁለት ሌቦች ይቀጥራል። አንዱ አሚታብ ባቻን፣ ሌላው ዳርሜንድራ ነው። የአሚታብ ገጸ ባሕርይ ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር ሲባል ሳንቲም ይወረውራል፤ ሁልጊዜም እሱ እንዳለው ይወጣል። ከሞተ በኋላ ጓደኛው ሳንቲሙን ሲገለብጥ ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ነው።

ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል። ነጋዴውም ያለቅሳል፤ ዓይኑን ጠርጎ ሲጨርስ ግን «ሳንቲሙን ማን ሠራለት?» ይላል። ወዲያው ክርክሩ ሁለት ሳንቲም ሰንጥቆ መበየድ ይቻላል አይቻልም ወደሚለው ይዞራል። አንዱ ብረት ተራ የሚያውቀውን ባለሙያ ይጠራል፤ ሌላው መገጣጠሚያው በጥፍር ይታወቃል ይላል። የሟቹ ጉዳይ እዚያው ይቀራል።

ዋናው ጠብ መጨረሻው ላይ ነው። በአንድ በረንዳ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው ሁለት ነጋዴዎች ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚያነሱት ክርክር የሚከተለውን ይመስላል።

«ገደለው። እጅ የለውም፣ በእግሩ ነው የገደለው። ጫማው ሥር ምስማር አለ።»

«ፖሊስ ደረሰ እኮ! ወላሂ ፖሊስ ደርሶ ‹ተው፣ ለሕግ ስጠው› አለው።»

«አንተ ያን ጊዜ ተኝተሃል።»

«እኔ? ሦስት ጊዜ ያየሁትን?»

«ሦስቴ ተኝተሃል።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊልሙ ሊወጣ ሲል ህንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው ታኩር ጋባርን በባለምስማሩ ጫማ ረግጦ ሲገድለው ነው። ሳንሱሩ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ፣ ይልቁንም በእግሩ፣ ሲወስድ መታየት የለበትም አለ። ስለዚህ ፖሊስ የሚደርስበት ፍጻሜ እንደገና ተቀርጾ ሲኒማ ቤት የገባው እሱ ሆነ። ያልተቆረጠው ደግሞ በኋላ በቪዲዮ ካሴት ተሰራጨ። አንዱ ነጋዴ ያየው የሲኒማውን፣ ሌላው የካሴቱን ሊሆን ይችላል። ይህን ያስረዳቸው ሰው ቢኖር እንኳ ምስጋና አያገኝም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ካሴትም እንደ ወረቀቱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ክርክሩ ቢያልቅ ከሰዓት በኋላ ምን ይደረጋል?

«ማዘር ኢንዲያ» የሚወራው በሌላ ስሜት ነው። የመህቡብ ካን ሥራ ነው፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1957፣ እናቲቱን የሠራችው ናርጊስ። ራዳ የተባለች ገበሬ ባሏን አጥታ ልጆቿን በረሃብና በጎርፍ መካከል ታሳድጋለች፤ መጨረሻ ላይ ሸፍቶ ሙሽራ የጠለፈውን የገዛ ልጇን ተኩሳ ትገድለዋለች። ቋንቋው የማይገባቸው እናቶች ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጀምሮ ያለቅሳሉ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እናት በልጇ ላይ እንዲህ መጨከኗ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የወጉ ዋና ርእስ መሆን ነበረበት።

አይሆንም። የመርካቶ ሴት ነጋዴ ዓይን የሚያርፈው አበዳሪው ላይ ነው። የችግሩ ሁሉ ሥር አማቲቱ ለራዳ ሰርግ የተበደሩት 500 ሩፒ ነው። ማንበብ ስለማይችሉ አበዳሪው ሱኪላላ በጻፈው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ለወለድ ብቻ ከምርቱ አራት እጅ ሦስቱን ይክፈሉ ብለው ይፈርዳሉ። «አራት እጅ ሦስቱን!» ትላለች አንዷ፣ ስኒዋን አስቀምጣ። «እሱማ አራጣም አይደል፤ ቀማኛ ነው።» ሌላዋ ሰርጉን ታማለች፤ በብድር ምን አስደገሳቸው? ሦስተኛዋ፣ የዕቁብ ጸሐፊ የሆነችው፣ የመጨረሻውን ፍርድ ትሰጣለች፤ ዕቁብ ቢኖራቸው ኖሮ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። ስለ ማዘር ኢንዲያ ብዙ ተጽፏል፤ እንደዚህ እጥር ምጥን ያለ አስተያየት ግን እምብዛም አይገኝም።

«ታይታኒክ» እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመጣ የሰፈሩን ሕግ አፈረሰ፤ አክተሩ ሞተ። ያውም በጥይት ሳይሆን በብርድ። ልጅቷ ሳንቃው ላይ ተጋድማ፣ እሱ ውሃው ውስጥ ሆኖ እጇን እንደያዘ ይቀራል። ልጆች አልቅሰው ወጡ፤ አዋቂዎች ተናደው። «ሳንቃው ሁለት ሰው ይይዝ ነበር» የሚለው ሙግት በዓለም ሁሉ ተነስቷል፤ መርካቶ ላይ ግን ሙግቱን የሚዳኝ ባለሙያ አለ። ቦንዳ ተሸክሞ ከሚሊተሪ ተራ ሰባተኛ የሚወርድ ኩሊ ስለ ጭነት ከማንም በላይ ያውቃል። የእሱ መልስ ቦታ አይደለም ጉዳዩ የሚል ነው፤ ቦታማ አለ፣ ክብደቱ ነው፤ ሁለተኛው ሲወጣ ሁለቱም ይጠልቃሉ። ጄምስ ካሜሮን ፊልሙን ከሠራ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ሁለት ሰዎችን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ነገሩን በሙከራ አይቶታል። ክብደቱን አከፋፍለው ደረታቸውን ከውሃ በላይ ቢያደርጉ ሊተርፍ የሚችልበት መንገድ ነበር ብሏል። ኩሊው «ክብደቱን አከፋፍሎ» የሚለውን ቢሰማ ይስማማል፤ ሥራው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሲዲ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ። ዛሬ ፊልም «ይጫናል»፤ ገዢው ፍላሹን ሰጥቶ ስንት እንደሚይዝለት ይጠይቃል። የጫኙ አስተያየት ለሁሉም አንድ ነው፤ አሪፍ ነው። አይቶት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ የጨው ነጋዴ ጨዉን ሁሉ አይልስም። አዲስ ጥያቄ የተጨመረው «ክሊር ነው?» የሚለው ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቆ በካሜራ የተቀዳ ፊልም ላይ ከፊት የሚነሱ ሰዎች ጭንቅላት ይታያል። ፍቅረኛሞቹ ሊሳሳሙ ሲሉ አንድ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው መሀላቸው ይገባል፤ ወጉ ውስጥም ያ ሰው ቦታ ይሰጠዋል።

የትርጉም ፊልም መምጣት ደግሞ ከፊት ወንበር የነበረውን አስተርጓሚ ከነሥልጣኑ ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ቻይናዊው መነኩሴ በአማርኛ ይተርታል፤ የኒውዮርኩ ወንበዴ እንደ አራዳ ልጅ «ፋራ» ብሎ ይሳደባል። ንጹሕ ትርጉም ፈላጊ ይህን ይነቅፋል። ነቀፋው ግን መሠረት የለውም፤ በቪዲዮ ቤቱ ዘመን ከነበረው «እገድልሃለሁ አለው» ጋር ሲተያይ እድገቱ ግልጽ ነው።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ግን ጥያቄው ራሱ ተቸገረ። «አክተሩ ይሞታል?» ሲባል መልሱ «ገና ነው» ሆነ። በማግስቱም ገና ነው። ወር አልፎም ገና ነው። ከሥሩ የማይዘገን ጆንያ ማለት ይህ ነው።

ያገር ፊልም ሲወራ ደግሞ አነጋገሩ ይለወጣል። ባሕር ማዶ ያለው አክተር ሩቅ ነው፤ የአማርኛ ፊልም አክተር ግን ሰርግ ላይ የታየ፣ የሰው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ስለ ታሪኩ ከመወራቱ በፊት ስለ ቤቱ ይወራል። «ይቺን ቪላ ባለፈው ፊልም ላይ አላየናትም?» ይላል አንዱ። አይተዋታል። ያኔ የሀብታም አባት ቤት ነበረች፤ አሁን የሌላ ሀብታም አባት ቤት ናት። ሶፋው እንኳ አልተዘዋወረም።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?»። ለመርካቶ ጠያቂ ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም፤ ፖስተሩን አይቶ ወዲያው «ማነው ታዲያ?» ማለት ይቻላል።

«ድፍረት» ሳይታይ የተወራ ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በጠለፋ የተወሰደችን ልጅና የጠበቃዋን ታሪክ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው በተቀመጠበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ስለ ፊልሙ አስተያየት ነበረው። «የሰይጣን ቤት» ላለ ከተማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ለተራኪ ግን ፈተና ነው፤ ጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል።

«አንድ ምሁር ከጀርመን ወደ ገጠር እናቱ ጋ ይመለሳል።»

«እሺ።»

«ከዚያ ጀርመን ነው።»

«ተመልሶ ሄደ?»

«አይ፣ ይሄ ከመመለሱ በፊት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ነው፤ ይሄም ከመመለሱ በፊት ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ተመልሷል እኮ አልኩህ!»

ቆሎው እዚህ ላይ ይቆማል። ኃይለኛ ፊልም መሆኑን ግን ሁለቱም ያምናሉ፤ ያየው ስላየው፣ ያላየው ደግሞ ተራኪው ሲያወራ ፊቱ መለወጡን ስላየ።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለ ትንሽ ልጅ እናቱ ሞታ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ይቀራል፤ ያለው አንድ በግ ነው፣ ስሙም ቹኒ። አጎትየው ለበዓል ይታረድ ይላል። እዚህ ፊልም ላይ መትረየስ የለም፣ ሌባም የለም፤ ጠያቂው ግን ጥያቄውን ለዕቃው ልክ አድርጎ ይሰፋዋል።

«በጉ ይታረዳል?»

«ራስህ እየው» ይላል ተራኪው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጠያቂው ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «ለመሆኑ ስንት ኪሎ ይወጣዋል?» ብሎ በሌላ በኩል ይመጣል።